ሞተሩን ገዝቶ ማስነሻውን መርሳት
የማስነሻ ዕቃ ምርጫ ከዋጋው በላይ የሚያስከፍልበት ምክንያት

በመርካቶ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮች ትልልቅ ሞተር የሚገዛ ሰው ክርክሩን የሚጨርሰው በሞተሩ ዋጋ ላይ ነው። የየት አገር ሥሪት እንደሆነ፣ የስንት ፈረስ ጉልበት እንዳለው፣ ጥቅሉ መዳብ ይሁን አልሙኒየም ይጠየቃል። ደላላው መሃል ይገባል፣ ዋጋ ይቆረጣል፣ ሞተሩ አይሱዙ ላይ ይጫናል። “ማስነሻውስ?” የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ያን ጊዜ ነው። ሻጩ ከመደርደሪያው ላይ ያለውን ያወርዳል፣ ገዢውም ከሞተሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ መስሎ ስለሚታየው ብዙም ሳይጠይቅ ይከፍላል።

ችግሩ የሚታወቀው ማሽኑ ተተክሎ ቁልፉ ሲጫን ነው። የሰፈሩ መብራት ይደበዝዛል፣ ብሬከሩ ይወድቃል፣ ወይም ሞተሩ እያጓራ መዞር ያቅተዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ወጪ፣ ማለትም የሞተር ጥቅለላው፣ የቆመው ሥራና የደንበኛው መሄድ፣ ለማስነሻው ከተከፈለው ገንዘብ ጋር የሚወዳደር አይደለም። በወፍጮ፣ በውሃ ጉድጓድ ፓምፕ፣ በድንጋይ መፍጫ፣ በብሎኬትና በፕላስቲክ ሥራ ላይ ገንዘቡን ለማዋል ያሰበ ሁሉ ጉዳዩን ከግዢው በፊት ማወቅ ይጠቅመዋል።

ሞተር ሲነሣ ምን ይሆናል?

ባለ ሦስት ፌዝ ተራ ሞተር በሥራ ላይ እያለ ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ይልቅ ከቆመበት ሲነሣ የሚወስደው እጅግ ይበልጣል። ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 እጥፍ ይደርሳል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ሮተሩ ገና ሳይዞር ሞተሩ ማለት ጫፎቹ እርስ በርስ የተገናኙ ትራንስፎርመር ማለት ነው። ፍጥነቱ እየጨመረ ሲሄድ የሚስበው ኤሌክትሪክ እየቀነሰ ይመጣል። ይህ ሁኔታ ለቀላል ጭነት ጥቂት ሴኮንዶች፣ ከባድ መሽከርከሪያ ላለው ማሽን ደግሞ ከዚያ የረዘመ ጊዜ ይቆያል።

ለአብነት 30 ኪሎዋት፣ ማለትም 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እንውሰድ። በ380 ቮልት መስመር ላይ ሙሉ ጭነት ተሸክሞ ሲሠራ 58 አምፔር ገደማ ይወስዳል። በቀጥታ ከመስመሩ ጋር ተገናኝቶ ሲነሣና የመነሻ ኤሌክትሪኩ 6 እጥፍ ነው ቢባል 348 አምፔር ይስባል። በሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት በኤሌክትሪኩ መጠን እጥፍ በእጥፍ የሚባዛ በመሆኑ፣ በእነዚያ ሴኮንዶች ጥቅሉ የሚሞቀው ከወትሮው 36 እጥፍ በሚበልጥ ፍጥነት ነው። ሞተር በቀን ደጋግሞ ሲነሣ የሚቃጠለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጉዳቱ በባለቤቱ ላይ ብቻ አይቀርም። ይኸው ሞተር 100 ኬቪኤ ከሆነና 4 በመቶ የውስጥ መሰናክል ካለው ትራንስፎርመር ኤሌክትሪክ የሚያገኝ ከሆነ፣ በሚነሣበት ጊዜ ቮልቴጁ በትራንስፎርመሩ ላይ ብቻ 9 በመቶ ያህል ይወርዳል። የመስመሩ ርዝመት የሚጨምረው ገና አልተቆጠረም። የጎረቤት ፍሪጅ፣ የልብስ ስፌት ቤቱ ማሽን፣ የፀጉር ቤቱ ካስክ ሁሉም ይህንን ይቀምሳሉ። በዚህ ሳቢያ በወፍጮ ቤትና በጎረቤት መካከል የሚነሣው ጭቅጭቅ በኤሌክትሪክ አገልግሎት ላይ የሚቀርብ አቤቱታ ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ ሥሩ የማስነሻው ምርጫ ነው።

በገበያው ያሉት አማራጮች

የመጀመሪያውና ርካሹ ቀጥታ ማስነሻ ነው። አንድ ኮንታክተርና አንድ ኦቨርሎድ ብቻ ይበቃዋል። ለትንንሽ ሞተሮች ከዚህ የተሻለ የለም። የራሱ ትራንስፎርመር ያለውና መስመሩ ጠንካራ የሆነ ፋብሪካም ትልቅ ሞተር በቀጥታ ቢያስነሣ ነውር የለውም። ነውሩ ደካማ መስመር ላይ ነው።

ሁለተኛው በአገራችን በብዛት የሚሸጠው ስታር-ዴልታ ነው። ሦስት ኮንታክተሮች፣ አንድ ታይመርና አንድ ኦቨርሎድ አሉት። ሞተሩ መጀመሪያ በስታር ተገናኝቶ እያንዳንዱ ጥቅል በ380 ፋንታ 220 ቮልት ያገኛል፤ ፍጥነቱን ሲይዝ ወደ ዴልታ ይዛወራል። ከመስመሩ የሚሳበው ኤሌክትሪክ ወደ ሢሶ ስለሚወርድ የአብነቱ ሞተር በ348 ፋንታ በ116 አምፔር ይነሣል። ይሁን እንጂ የመዞሪያ ጉልበቱም እንዲሁ ወደ ሢሶ ይወርዳል። ኤሌክትሪኩን ቀንሶ ጉልበቱን የማይቀንስ ስታር-ዴልታ የለም፤ አለ የሚል ሻጭ ካለ ዕቃውን አያውቀውም ማለት ነው።

ሦስተኛው ኦቶ-ትራንስፎርመር ነው። ብዙውን ጊዜ 50፣ 65 እና 80 በመቶ ቮልቴጅ የሚሰጡ መውጫዎች አሉት። በ65 በመቶው መውጫ ከመስመሩ የሚሳበው 147 አምፔር ሲሆን ጉልበቱ ደግሞ በቀጥታ ሲነሣ ከሚኖረው 42 በመቶ ይሆናል። በ80 በመቶው 223 አምፔር ተስቦ 64 በመቶ ጉልበት ይገኛል። ከባድና ቦታ የሚይዝ ዕቃ ቢሆንም ሦስት ጫፍ ብቻ ላለው ሞተር ያገለግላል፤ መውጫውን በመለዋወጥም እንደ ጭነቱ ለማስተካከል ያስችላል።

አራተኛው ሶፍት ስታርተር ነው። በታይሪስተር አማካይነት ቮልቴጁን ቀስ በቀስ ከፍ ያደርጋል። የስታር-ዴልታው የመዛወሪያ ንውጠት የለበትም። ፓምፕን ቀስ አድርጎ ማቆም ስለሚችል በቧንቧ ውስጥ የሚፈጠረውን የውሃ ምት ያስቀራል። ዘመናዊ በመሆኑም ገዢው ሁሉ ይወደዋል። ነገር ግን በንግግር የሚታለፍ አንድ ነጥብ አለ። በሶፍት ስታርተር ኤሌክትሪኩ የሚቀንሰው በቮልቴጁ ልክ ሲሆን ጉልበቱ የሚቀንሰው ግን በቮልቴጁ እጥፍ በእጥፍ ነው። የአብነቱ ሞተር በ3.5 እጥፍ፣ ማለትም በ203 አምፔር ላይ ቢገደብ የሚያገኘው ጉልበት 34 በመቶ ብቻ ነው። ስታር-ዴልታው ይህንኑ ያህል ጉልበት የሚሰጠው በ116 አምፔር ነበር። ስለዚህ መስመሩ ደካማ ሆኖ ጭነቱ ከባድ የሆነበት ሰው “ዘመናዊ ነው” ብሎ ሶፍት ስታርተር ቢገዛ የነበረበት ችግር አይፈታለትም።

አምስተኛው ኢንቨርተር፣ በሌላ አጠራሩ ድራይቭ ነው። ከቮልቴጁ ጋር የኤሌክትሪኩን ድግግሞሽ ስለሚለውጥ ሞተሩን ከ1 እስከ 1.5 እጥፍ በማይበልጥ ኤሌክትሪክ ሙሉ ጉልበት እየሰጠ ያስነሣዋል። ከሁሉም የተሻለው ይኸው ነው፤ ከሁሉም የሚወደደውም ይኸው ነው። አቧራና ሙቀት አይወድም፤ ኬብሉ ረጅም ሲሆን የሞተሩን ሽፋን የሚጎዳ የቮልቴጅ ዝላይ ሊያመጣ ስለሚችል ተጨማሪ ማጣሪያ ይፈልጋል።

ከእነዚህ ውጭ ስሊፕ ሪንግ የሚባለው ሞተር አለ። ሮተሩ የተጠቀለለ ሆኖ በካርቦን ብሩሽ በኩል ከውጭ ሬዚስታንስ ይገባለታል። በአነስተኛ ኤሌክትሪክ ከፍተኛ ጉልበት ስለሚሰጥ በትልልቅ ድንጋይ መፍጫዎችና በሲሚንቶ ፋብሪካዎች ይታወቃል። አሮጌ ፋብሪካ ሲፈርስ የሚሸጡ ማሽኖችን የሚገዙ ነጋዴዎች ያጋጥማቸዋል። ብሩሹና ቀለበቱ በየጊዜው እንክብካቤ የሚፈልጉ መሆናቸውን ገዢው ማወቅ አለበት።

የሚወስነው ጭነቱ ነው

ማስነሻ የሚመረጠው በሞተሩ ኪሎዋት ብቻ አይደለም። ሞተሩ ምን ያዞራል? ሲነሣ ጭነት አለበት ወይስ ባዶውን ነው? የሚሉት ጥያቄዎች ይቀድማሉ።

የውሃ ፓምፕና የአየር ማራገቢያ ሲነሡ ቀላል ናቸው፤ ክብደታቸው የሚመጣው ፍጥነት ሲጨምር ነው። ለእነዚህ ስታር-ዴልታም ሶፍት ስታርተርም ይስማማል። የእህል ወፍጮም እህሉ ሳይገባበት ባዶውን የሚነሣ ከሆነ ስታር-ዴልታ ይበቃዋል። መዶሻ ያለው ወፍጮ ግን ባዶም ቢሆን የሚሽከረከረው ክብደት ብዙ ስለሆነ ፍጥነት ለመያዝ ጊዜ ይወስዳል። የታይመሩ ልክ ጭቅጭቅ የሚያመጣው እዚህ ላይ ነው።

ታይመሩ ቀድሞ ቆጥሮ ሞተሩ ገና በግማሽ ፍጥነት ላይ እያለ ወደ ዴልታ ቢያዛውረው፣ የሚሳበው ኤሌክትሪክ በቀጥታ ሲነሣ ከሚሳበው ጋር ተቀራራቢ ይሆናል። ገዢው ለሦስት ኮንታክተር ከፍሎ የአንዱን ሥራ አገኘ ማለት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው። በሌላ በኩል ከመጠን በላይ በስታር ቢቆይና ጭነት ቢገባበት ሞተሩ በሢሶ ጉልበት እየታገለ ይሞቃል። ትክክለኛው መላ ሞተሩ ከሙሉ ፍጥነቱ አብዛኛውን እስኪይዝ በአምፔር መለኪያ እያዩ ታይመሩን ማስተካከል ነው።

ጭነት እንደተሸከመ የሚነሣ ማሽን ሌላ ጉዳይ ነው። ድንጋይ የሞላው መፍጫ፣ ዕቃ የተደረደረበት ማጓጓዣ ቀበቶ፣ አየሩ ያልተለቀቀ ኮምፕረሰር በሢሶ ጉልበት አይነሡም። ቮልቴጅ በሚዋዥቅበት አካባቢ ደግሞ ስሌቱ ይብሳል። አንድ ሞተር በቀጥታ ሲነሣ ከመደበኛ ጉልበቱ 200 በመቶ ይሰጣል እንበል። በስታር 67 በመቶ ገደማ ይቀራል። መስመሩ ላይ ቮልቴጁ 10 በመቶ ቢወርድ ይህም ወደ 54 በመቶ ያሽቆለቁላል። በአዲስ አበባ የሞከሩት ማሽን ክፍለ ሀገር ሄዶ አልነሣ የሚለው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ሰሌዳውን ማንበብ

በሞተሩ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ ከሻጩ ቃል ይልቅ ይታመናል። ስታር-ዴልታ የሚገዛ ሰው በመጀመሪያ ሊያነብ የሚገባው የቮልቴጁን መስመር ነው። ለ380 ቮልት አገልግሎት ስታር-ዴልታ የሚገባለት ሞተር ሰሌዳው ላይ 380/660 ወይም 400/690 የሚል ሊኖረው፣ በሳጥኑም ውስጥ ስድስት ጫፎች ሊኖሩት ይገባል።

220/380 ወይም 230/400 የሚል ከሆነ ግን ሞተሩ በ380 ቮልት መስመር ላይ መሥራት ያለበት በስታር ብቻ ነው። በስታር-ዴልታ ማስነሻ ቢገጠም ወደ ዴልታ በተዛወረ ቅጽበት ለ220 በተሠራ ጥቅል ላይ 380 ቮልት ይወርድበታል። ውጤቱ የታወቀ ነው፤ ሞተሩ ወደ ጥቅለላ ይሄዳል። ከ3 ኪሎዋት በታች የሆኑ የአውሮፓ ሥሪት ሞተሮች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። የተጠቀለለ ሞተር የሚገዛ ሰው ደግሞ ሰሌዳውን ብቻ ሳይሆን ጠቅላዩ በምን እንደጠቀለለው ቢጠይቅ አይከፋም።

የመደርደሪያው ወጥመዶች

አንደኛው ወጥመድ በኮንታክተር ላይ የሚጻፈው ቁጥር ነው። ኮንታክተር ሁለት የተለያዩ አምፔሮች ይጻፉበታል። ኤሲ-1 የሚባለው እንደ ማሞቂያ ላሉ ጭነቶች፣ ኤሲ-3 የሚባለው ደግሞ ለሞተር ነው። አንድ ዓይነት ኮንታክተር በኤሲ-1 40 አምፔር፣ በኤሲ-3 ግን 25 አምፔር ብቻ ሊሆን ይችላል። ካርቶኑ ላይ ጎልቶ የሚታየው ትልቁ ቁጥር ከሆነ፣ ገዢው 40 መስሎት የገዛው ለሞተሩ 25 ነው። ኮንታክቱ ተጣብቆ ሲቀር ሞተሩን ማጥፋት አይቻልም። ሻጩን “በኤሲ-3 ስንት ነው?” ብሎ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም።

ሁለተኛው የኦቨርሎዱ ልክ ነው። በስታር-ዴልታ ውስጥ ኦቨርሎዱ አብዛኛውን ጊዜ በጥቅሉ መስመር ላይ ስለሚገባ መስተካከል ያለበት በሞተሩ አምፔር ሳይሆን በዚያው 58 በመቶ ነው። የአብነታችን ሞተር 58 አምፔር ስለሚወስድ ኦቨርሎዱ 34 አምፔር ገደማ ላይ ይደረጋል። ገጣሚው ሰሌዳውን አይቶ 58 ላይ ካደረገው ሞተሩ ጠባቂ የለውም ማለት ነው።

ሦስተኛው ከፍታ ነው። የኤሌክትሮኒክስ ማስነሻዎች አቅም የሚለካው ብዙውን ጊዜ ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ዕቃውን በደንብ አያቀዘቅዘውም። አምራቾች በአብዛኛው ለየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ቅናሽ እንዲታሰብ ያሳስባሉ። አዲስ አበባ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ቅናሹ 14 በመቶ ይሆናል። 58 አምፔር ለሚወስድ ሞተር 58 አምፔር የተጻፈበት ኢንቨርተር መግዛት ለአዳማ ሙቀትም ለአዲስ አበባ ከፍታም አይበቃም፤ ለመዲናዋ ቢያንስ 67 አምፔር የሚል መፈለግ ይገባል።

አራተኛው “መብራት ይቆጥባል” የሚለው ማስታወቂያ ነው። ስታር-ዴልታና ሶፍት ስታርተር የሚሠሩት ሞተሩ በሚነሣባቸው ሴኮንዶች ብቻ ስለሆነ በወር መጨረሻ ሒሳብ ላይ የሚያመጡት ለውጥ ከቁጥር አይገባም። ኢንቨርተር ግን ጭነቱ ማራገቢያ ወይም ፓምፕ ሆኖ ፍጥነቱን መቀነስ ከተቻለ በእርግጥ ይቆጥባል። ፍጥነት በ20 በመቶ ሲቀንስ ማራገቢያው የሚፈልገው ኃይል ወደ ግማሽ ይጠጋል። ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ በሚያወጣ ፓምፕ ላይ ቁጠባው ከዚህ ያነሰ ነው፤ በአንድ ፍጥነት ሲፈጭ ለሚውል ወፍጮ ግን ቁጠባ የሚባል ነገር የለም።

ወጪው ሲደመር

እነዚህ ዕቃዎች በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚገቡ ናቸው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በመሆኑም በማስነሻ ላይ የሚፈጸም ስሕተት እንደ ቀድሞው በቀላሉ ሌላ ገዝቶ የሚታረም አይደለም። ማወዳደር የሚገባውም የማስነሻውን ዋጋ ለብቻ ሳይሆን አብሮት የሚመጣውን ጠቅላላ ወጪ ነው።

አንዱ ኬብል ነው። ስታር-ዴልታ ከማስነሻው እስከ ሞተሩ ስድስት ሽቦ ይፈልጋል፤ ሶፍት ስታርተር ሦስት ይበቃዋል። ወፍጮ ቤት ውስጥ ርቀቱ ጥቂት ሜትር ስለሆነ ልዩነቱ ኢምንት ነው። ፓምፑ 150 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ የውሃ ጉድጓድ ሲሆን ግን በስታር-ዴልታ የሚፈለገው ሁለተኛ ኬብል ከሶፍት ስታርተሩ የዋጋ ልዩነት ሊበልጥ ይችላል። ርካሽ የተባለው እዚያ ላይ ውድ ይሆናል።

ሌላው ጄኔሬተር ነው። የአብነቱ ሞተር በሥራ ላይ 38 ኬቪኤ ብቻ ይወስዳል። በቀጥታ ሲነሣ ግን ለሴኮንዶች 229 ኬቪኤ ይጠይቃል፤ በስታር-ዴልታ 76 ይሆናል። መጠነኛ የቮልቴጅ መውረድ ስለሚፈቀድ ጄኔሬተሩ የግድ 229 ኬቪኤ መሆን የለበትም። ቢሆንም ሥራውን ብቻ አስቦ 60 ኬቪኤ የገዛ ሰው ሞተሩን በቀጥታ ላስነሣ ቢል ጄኔሬተሩ ሊያጓራና ሊጠፋ፣ ኮንታክተሩም በቮልቴጅ ማነስ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ጥሩ ማስነሻ አነስ ባለ ጄኔሬተር ለመሥራት ካስቻለ ዋጋውን ከዚያው ያወጣል።

በአጠቃላይ ሲታይ፣ መስመሩ ጠንካራ ሆኖ ሞተሩ ትንሽ ከሆነ ቀጥታው፤ ጭነቱ ባዶውን የሚነሣ፣ ሞተሩም 380/660 ከሆነ ስታር-ዴልታው፤ ኬብሉ ረጅም ወይም የውሃ ምት የሚያሠጋ ከሆነ ሶፍት ስታርተሩ፤ ጭነቱ ከባድ ሆኖ መስመሩ ደካማ ከሆነ ወይም ፍጥነት መለዋወጥ ካስፈለገ ኢንቨርተሩ የተሻለ ምርጫ ነው።

ለገዢው የሚቀረው ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት አራት ነገሮች በወረቀት ላይ መያዝ ነው። እነርሱም የሞተሩ ሰሌዳ ላይ ያለው ቮልቴጅና አምፔር፣ ማሽኑ ሲነሣ ጭነት ያለበት መሆን አለመሆኑ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚነሣና ኤሌክትሪኩ የሚመጣበት ትራንስፎርመር ወይም ጄኔሬተር አቅም ናቸው። ይህን ወረቀት ይዞ የሚመጣን ገዢ ጥሩ ነጋዴ ያከብረዋል። ወረቀቱን አይቶ “ጌታዬ፣ ሁሉም ያው ነው” የሚል ሻጭ ካጋጠመ ደግሞ ቀጣዩ ሱቅ ሩቅ አይደለም።